ሮዳጅ በአዳማ መንገዶች፦ አዲስና የታደሰ ሞተር የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር እንዴት ይሂድ?

አዲስ መኪና አዲስ አበባ ገዝቶ ወደ አዳማ የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን ይይዝና፣ ማርሽ ሳይቀይር፣ እግሩን ሳያነሳ፣ 90 ወይም 100 ላይ አስቀምጦት አዳማ ይገባል። አላስጮህኩትም፣ አልጎዳሁትም ብሎ ያምናል። ለአዲስ ሞተር ግን ይህ ከማይመከሩት መንገዶች አንዱ ነው። ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወጥ ነው። መንገዱም ከአዲስ አበባ ከፍታ ወደ አዳማ 1,650 ሜትር ገደማ እየወረደ ስለሚመጣ ሞተሩ እምብዛም አይጫንም። አዲስ ሞተር የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚል ፍጥነት፣ የሚቀያየር ዙር፣ መጠነኛ ጫና። በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ትንሽ ያሰለቻል እንጂ ለመጀመሪያው ቀን ከፍጥነት መንገዱ ይሻላል።

ሮዳጅ የምንለው ይህ ሞተሩ የሚላመድበት የመጀመሪያ ጊዜ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው ገና በመጀመሪያው ቀን እስከ ጥግ መርገጥ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይፈራዋል። ሁለተኛው ማባበል ነው። በ5ኛ ማርሽ 50 ላይ ማንፏቀቅ፣ በር ላይ አስነስቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ዳገት ሲመጣ እንዳይጮህ ተብሎ ማርሽ አለመቀነስ። እኛ የበለጠ የምንፈራው ሁለተኛውን ነው፤ ጥንቃቄ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ጉዳቱም ቶሎ አይታይም፤ በኋላ ዘይት መብላት ሲጀምር ጥፋቱ ዘይቱ ወይም ሜካኒኩ ላይ ይለጠፋል።

ካሚሻውና ፋሻው እንዴት ይላመዳሉ

ካሚሻ ፒስቶኑ የሚመላለስበት የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው፤ ፋሻ ደግሞ በፒስቶኑ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት ነው። አዲስ ሲሊንደር ውስጥ በባትሪ ብርሃን ቢመለከቱ ግድግዳው እንደ መስታወት ልሙጥ አይደለም። እንደ ጠፍር አልጋ ግራና ቀኝ የተጠላለፉ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። ጉድለት አይደለም፤ ታስቦበት ሆኒንግ በሚባል መሳያ ድንጋይ የተሠራ ነው። የጭረቶቹ ጥልቀት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ያስቡ። የጭረቱ ጎድጓዳ ክፍል ዘይት ይይዛል፤ ጫፉ ደግሞ እንደ ደቃቅ ሞረድ ሆኖ ፋሻውን ይልገዋል፤ እሱም አብሮ ይላጋል። ጫፎቹ ተልገው ሲያልቁ የፋሻው ፊትና የካሚሻው ግድግዳ አንዱ ለሌላው ልክ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጋዝ ወደ ታች አይሾልክም፣ ዘይትም ወደ ላይ አይወጣም።

አሁን ጥያቄው ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው ምንድን ነው የሚለው ነው። ፋሻው በራሱ የሚወጠርበት ኃይል አነስተኛ ነው። ዋናውን ግፊት የሚያመጣው ከፒስቶኑ በላይ የሚነደው ጋዝ ነው፤ በፋሻው ላይና ከፋሻው ጀርባ ባለው ቦይ ገብቶ ወደ ውጭ ይገፋዋል። የቤንዚን ሞተር በደንብ ሲጫን ይህ ግፊት ከ50 ባር ይበልጣል። ለንጽጽር፣ የቤት መኪና ጎማ የምንሞላው 2 ባር ከትንሽ ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ወይም ያለ ጫና ሲንቀሳቀስ ግን ጋዙ ፋሻውን የሚገፋበት ጉልበት ጥቂት ነው፤ ፋሻው በዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ግድግዳውን አይነካም።

ያ ግድግዳው ላይ የቀረ ዘይት እሳት እየመታው ይደርቃል፤ ቀስ በቀስ እንደ ቫርኒሽ ጠንካራ ሽፋን ይሠራና ጭረቶቹን ይሞላቸዋል። ግድግዳው መስታወት ይሆናል። ከዚህ በኋላ ፋሻው የሚላግበት ሞረድ የለም። ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ዘይት ይበላል፤ በመንዳት የሚመለስ ነገርም አይደለም። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተነስቶ፣ ፒስቶኑ ወጥቶ፣ ካሚሻው እንደገና በሆኒንግ ድንጋይ ተጭሮ አዲስ ፋሻ መግባት አለበት።

በሌላ በኩል፣ ገና ያልተላገ ፋሻ ግድግዳውን የሚነካው በጥቂት ጫፎች ብቻ ስለሆነ እነዚያ ነጥቦች ከሌላው ይልቅ ይግላሉ። በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች እስከ ጥግ ተረግጦ በከፍተኛ ዙር ከቆየ ዘይቱ ከነጥቦቹ ላይ ይጠፋል፣ ብረት ከብረት ይያያዛል፣ ሞተሩ ይነክሳል። ኮሎው (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) እና ብሮንዚኖቹም (ዘንጉ የሚዞርባቸው ልሙጥ ቅርፊቶች) በዚህ ጊዜ ገና እየተላመዱ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ጫናው በመጠን ሆኖ፣ በየመሃሉ እረፍት ማግኘቱ ነው። ከታች የምንገልጸው ልምምድ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ዛሬ ሮዳጅ የሚመለከተው ማንን ነው?

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ አዳማ ውስጥ ሮዳጅ የሚያስፈልገው ሞተር በአብዛኛው ጋራዥ ውስጥ ወርዶ የታደሰ ነው፤ ባጃጁና የጭነት መኪናው ሳይረሳ። ይህ ጉዳዩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። የዛሬ ፋብሪካዎች ካሚሻውን ሲሠሩ የጭረቱን ሹል ጫፍ አስቀድመው ስለሚያስተካክሉት የመላመዱ ሥራ ከፊሉ ያለቀ ነው። ከተማ ውስጥ በእጅ ድሪል ሆኒንግ የተደረገ ሲሊንደር ግን ጫፉ ገና ሹል ነው፤ የሮዳጁ ሥራ ሙሉ በሙሉ ለነጂው ቀርቷል።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎች ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም። ፍሬን ሸራውና ጎማው ግን ለእነሱም አዲስ ነው። አዲስ ጎማ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቅባት ስላለው በመጀመሪያዎቹ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ሜትሮች፣ በተለይ ዝናብ ላይ፣ ይንሸራተታል።

ከፋብሪካ የመጣ አዲስ መኪና

መጀመሪያ ማኑዋሉን ያንብቡ፤ ከሱ የሚበልጥ ምክር የለም። ቶዮታ በብዙ ሞዴሎቹ ማኑዋል ላይ የሚያዝዘው ለመጀመሪያው 300 ኪሎ ሜትር ድንገተኛ ፍሬን እንዳይያዝ፣ እስከ 800 ተጎታች እንዳይጎተት፣ እስከ 1,000 ደግሞ በጣም በከፍተኛ ፍጥነት እንዳይነዳ፣ ድንገት እንዳይረገጥ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ለረጅም ጊዜ እንዳይሄድና አንድ ፍጥነት ላይ እንዳይቆይ ነው። ሂዩንዳይም ተቀራራቢ ነው፤ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ዙሩ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 4,000 ባለው መሀል ይሁን ይላል፤ ተጎታችን እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ይከለክላል። ልብ ይበሉ፣ ሂዩንዳይ ላይኛውን ወሰን ብቻ አይደለም የሰጠው፤ ታችኛውንም ሰጥቷል። ከ2,000 በታች እየጎተቱ ዳገት መውጣት ከወሰኑ ውጭ መሆን ነው።

ታችኛው ወሰን አዳማ ላይ ከሌላ ቦታ ይበልጥ ያስፈልጋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። ጅቡቲ ላይ በ4ኛ ማርሽ የሚወጣው ዳገት እዚህ 3ኛ ይፈልጋል። ማርሽ ሲቀንሱ ድምፁ ከፍ ማለቱ አያስደንግጥዎ፤ 3,000 ዙር ላይ በነጻነት የሚዞር ሞተር፣ 1,300 ላይ እየተንቀጠቀጠ ከሚጎትት ሞተር ይልቅ ምቾት አለው። ዘይት ፓምፑም በደንብ የሚገፋው ዙር ሲኖር ነው።

ጠዋት ሲያስነሱ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይጠብቁና ቀስ ብለው ይውጡ። ቀዝቃዛ ሞተር ከወትሮው የበዛ ቤንዚን ይወስዳል፤ ያልነደደው ቤንዚን የካሚሻውን ዘይት ያጥበዋል። በር ላይ ባቆዩት ቁጥር ይህ እጥበት ይረዝማል። የሙቀት መለኪያው መሀል ደረሰ ማለት ዘይቱ ሞቀ ማለት እንዳልሆነም ይወቁ፤ ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ከተነሱ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይነዱ ጠንከር አድርገው አይርገጡ።

ለመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር የአዳማ ከተማ ውስጥ መንገድና የሞጆው አሮጌ መንገድ ይበቃል። ከዚያ ወደ አሰላ ይውጡ። ከአዳማ ወደ አዋሽ መልካሳ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ በዴራና በኢተያ በኩል እየወጣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አሰላ ይደርሳል፤ መንገዱ በአንድ ጉዞ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነው። ዳገት አለ፣ ሜዳ አለ፣ ከተማ አለ፣ መመለሻው ቁልቁል ነው። ለሮዳጅ የተሠራ ቢባል ያስኬዳል። ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት 300 ኪሎ ሜትር ነው።

በወለንጪቲ ወደ መተሐራ የሚወስደውን መንገድ ግን በዚህ ጊዜ አንመክርም። ረጅምና ሜዳ ነው፣ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ከጅቡቲ የሚመጣው የጭነት መኪና ሰልፍ ደግሞ አንድ ፍጥነት ላይ አስሮ ያቆይዎታል። የግድ ከሆነ በየ5 ደቂቃው ፍጥነቱን ከ60 ወደ 80፣ ከ80 ወደ 70 እያደረጉ ይለዋውጡ፤ አንዳንዴም አንድ ማርሽ ይቀንሱ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ከኋላዎ የተጠጋ መኪና አለመኖሩን በመስታወት አይተው፣ 3ኛ ማርሽ ላይ 40 ይያዙ። የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ግማሽ ወይም ከግማሽ በትንሹ በላይ ይርገጡና ሞተሩ እስከ 70 ይውሰድዎት፤ ዙሩ ከ3,500 አይለፍ። 70 ሲደርስ እግርዎን ሙሉ በሙሉ ያንሱ። ፍሪሲዮን አይርገጡ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ አያውጡት፣ ፍሬንም አይያዙ፤ ሞተሩ ራሱ እየያዘ እስከ 40 ያውርደው። ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይድገሙት፤ በየመሃሉ አንድ ሁለት ደቂቃ እንደ ወትሮው ይንዱ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን በእጅ የሚይዝበት ቦታ ላይ አድርገው ያንኑ ያድርጉ።

መርገጡ ፋሻውን ወደ ግድግዳው ይገፋል፤ ይህ ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው እግር ማንሳቱን ነው። ነዳጅ ሲቋረጥና ሞተሩ በመንኮራኩሩ ሲዞር ሲሊንደሩ ውስጥ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል፤ ያ ኃይል ዘይት ከታች ወደ ፋሻዎቹ ይስባል። ዘይቱ የጋለውን ነጥብ ያበርዳል፣ የተላገውንም ደቃቅ ብረት ያጥባል። ከዚያ በኋላ ወደ ፊልትሮው ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ አድርጎ መልቀቅ ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ለፍሬኑም አደጋ ነው።

የታደሰ ሞተር፦ ከመነሳቱ በፊት

የታደሰ ሞተር ሮዳጅ የሚጀምረው መንገድ ላይ አይደለም፤ ጋራዡ ውስጥ፣ ፒስቶኑ ከመግባቱ በፊት ነው። ይህን ክፍል ለሜካኒኩ ብቻ አይተዉት፤ ባለንብረቱ በቦታው ተገኝቶ ቢያየው ይጠቀማል።

ከቶርኖ ቤት የመጣ ብሎክ ጭረቶቹ ውስጥ የሆኒንግ ድንጋይ ብናኝ አለበት። ያ ብናኝ ብረት ለመብላት የተሠራ ነገር ነው። በቤንዚን ወይም በናፍጣ ብቻ ማጠብ አይበቃም፤ ዘይቱን ያስለቅቀዋል እንጂ ብናኙን ከጭረቱ አያወጣውም። የሚያወጣው ሙቅ ውሃ፣ የልብስ ሳሙናና ጠንካራ ብሩሽ ነው። በደንብ ታጥቦ፣ በአየር ደርቆ፣ ወዲያው ዘይት ይቀባል፤ ካልሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ዝገት ይጀምረዋል። ከዚያ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በዘይት ነክረው ግድግዳውን ይጥረጉት። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ ገና አልጠራም፤ እንደገና ሳሙና። ነጭ ሆኖ የገባው ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይደገማል። ሦስት አራት ጊዜ መድገም የተለመደ ነው። ይህች የጨርቅ ፍተሻ ከማንኛውም ውድ ዘይት በላይ የሞተሩን ዕድሜ ትወስናለች ብንል አላጋነንም።

አዳማ ነፋሻ ከተማ ናት፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍት ግቢ ውስጥ ሞተር መግጠም ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን አቧራ ከፋሻው ጋር አብሮ መግጠም ነው። ነፋሱ ረገብ በሚልበት ሰዓት፣ ቢቻል ዝግ ክፍል ውስጥ ይሠራ፤ ለምሳ ሲወጡም ብሎኩ በንጹሕ ላስቲክ ይሸፈን።

ፋሻው ሲገባ ሁለት ነገር ይረጋገጥ። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ አስገብቶ ጫፎቹ መሀል ያለው ክፍተት ይለካ፤ መጠኑ የአምራቹ ነው፣ ከሌለ ግን ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሜትር የሲሊንደር ስፋት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ብሎ መያዝ ይቻላል። ክፍተቱ ከጠበበ ፋሻው ሲሞቅ ጫፎቹ ይገናኛሉ፣ ይሰበራል፣ ካሚሻውን ይቦጫጭራል። ሁለተኛ፣ በአንድ በኩል ነጥብ ወይም ፊደል ያለበት ፋሻ ምልክቱ ወደ ላይ ይዞር፤ የሦስቱ ፋሻዎች ክፍተትም በአንድ መስመር ላይ አይግጠም። ተገልብጦ የገባ ሁለተኛ ፋሻ ዘይቱን ከመጥረግ ይልቅ ወደ ላይ ይጭነዋል፤ ይህን የሚያስተካክል ሮዳጅ የለም።

አሁን ማስነሳት። ዘይት ፊልትሮውን አቀማመጡ ከፈቀደ ዘይት ሞልተው ይግጠሙት። ካንዴላዎቹን ያውጡ፣ የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ ይንቀሉ፣ የእሳቱንም ሶኬት ያላቁ። ከዚያ ሞተሪኖውን (የማስነሻ ሞተሩን) ለ10 ሰከንድ አዙረው አንድ ደቂቃ ያሳርፉት። የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ሦስት አራት ጊዜ ይደግሙታል። ካንዴላ ስለሌለ ሞተሩ በቀላሉ ይዞራል፤ ዘይቱ እሳት ሳይነካው ብሮንዚኖቹ ጋ ይደርሳል። መብራቱ ካልጠፋ አያስነሱት፤ ፓምፑን ወይም የኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳ) መምጠጫ ይፈትሹ።

ተነሳ። የዘይት ግፊት አለ፣ ውሃ አይፈስም፣ ዘይት አይፈስም፣ ሙቀቱ ከመሀል አላለፈም። ይህን ለማየት 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ዙሩን 1,500 እና 2,000 መካከል እየለዋወጡ ይያዙት። ከዚህ በላይ ጋራዥ ውስጥ አያቆዩት። ሞተር ታድሶ ሲያልቅ ቀኑን ሙሉ ሚኒሞ ላይ ማዋል፣ አልፎም ማሳደር፣ ከመስታወቱ ጉዳት ዋና ዋና ምንጮች አንዱ ነው። ለዚህ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ካምሻፍቱ (ቫልቮላዎቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) በመካከላቸው ያለውን ታፔት ያለ ሮለር እየተፋተገ የሚገፋበት የድሮ ሞተር ላይ ካምሻፍቱ አዲስ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ከ1,500 እስከ 2,500 ዙር ላይ መቆየት አለበት፤ ሚኒሞ ላይ ግን እዚያም አይሆንም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ መንገድ። የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች ለታደሰ ሞተር ወርቅ ናቸው፤ ጭረቱ ሹል የሆነበት ጊዜ ይሄ ነው። ከላይ የገለጽነው ልምምድ በዚያው ቀን፣ በመልካሳ እና በዴራ መካከል ይደረግ። ሲመለሱ ሞተሩ በርዶ እስኪያድር ይጠብቁና ጠዋት ውሃውን፣ ዘይቱን፣ የተላላ ማሰሪያ ካለም ይዩ። የቴስታታ ቡሎን እንደገና ማጥበቅ ግን እንደ ሞተሩ ነው። የድሮዎቹ ይጠብቃሉ፤ አንዴ ተለጥጠው እንዲቀሩ የተሠሩት የዛሬ ቡሎኖች በድጋሚ ከተነኩ ሊበጠሱ ይችላሉ። ማኑዋሉ ካላዘዘ አይነኩም፤ ካዘዘም በቶርክ መፍቻ እንጂ በክንድ ግምት አይሆንም።

ዘይት

በአዲስ መኪና ላይ ፋብሪካው የሞላውን ዘይት ማኑዋሉ ከሚለው በፊት ማውጣት አያስፈልግም። የታደሰ ሞተር ግን ሌላ ነው። እስከ 1,000 ወይም 1,500 ኪሎ ሜትር ሲንተቲክ አይጨምሩ፤ ማኑዋሉ በሚፈቅደው ውፍረት ተራ ማዕድን ዘይት ይጠቀሙ። ብዙ የቆዩ ሞተሮች 15 ደብሊው 40 ወይም 20 ደብሊው 50 ይቀበላሉ። የማለስለሻ ማሟያ ተብለው በጠርሙስ የሚሸጡትን በዚህ ጊዜ ፈጽሞ አይጨምሩ፤ ፋሻው እንዲላግ እየፈለጉ እንዳይላግ መከላከል ነው።

የመጀመሪያው ቅየራ በ50 እና 100 ኪሎ ሜትር መካከል ይሁን። ሞተሩ ሲሰበሰብ የተቀባው ቅባት፣ የተላገው ብረትና የጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ሙጫ ቁርጥራጭ የሚወጣው ያኔ ነው። ሁለተኛው በ500፣ ሦስተኛው በ1,500፣ ከዚያ በወትሮው ጊዜ። ፊልትሮው አብሮ ይቀየር። ወጪው ይከብዳል፤ ከሌላ ኦቨርሆል ጋር ሲተያይ ግን ኢምንት ነው።

የኮፓውን ቡሎን ሲፈቱ ወዲያው አይጥረጉት። ማግኔት ካለው ጫፉ ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ያገኛሉ። በሁለት ጣት ሲያሹት ልስልስ ካለ፣ የሚቆረቁር ካልሆነ፣ ጤነኛ ነው፤ ፋሻው እየሠራ ነው ማለት ነው። በጥፍር የሚነሳ ስንጥር ወይም ቅርፊት ካለ ግን ሞተሩን ሳያስነሱ ሜካኒክ ይጥሩ። ዘይቱን በንጹሕ ሳህን ላይ ጥቂት አፍስሰው ፀሐይ ላይ ቢያዘነብሉት የመዳብ ቀለም ያለው ብልጭልጭ ከታየ ብሮንዚን እየተበላ ነው፤ እሱን ማግኔት አይስበውም።

በሮዳጅ ጊዜ ትንሽ ዘይት መጉደሉ ያለ ነው፤ ስለዚህ በየ200 ኪሎ ሜትሩ ይለኩ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ከጠፋ 10 ደቂቃ ይለፈው፣ መለኪያ ዘንጉ ተጠርጎ እንደገና ይግባ። በብዙ የቤት መኪኖች ላይ በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል ያለው 1 ሊትር ገደማ ነው። ከላይኛው ምልክት አያሳልፉት፤ የበዛ ዘይት በኮሎው ተመትቶ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ብሮንዚን አያድንም።

ናፍጣና ባጃጅ

የአይሱዙ ባለቤቶች ከታደሰ በኋላ ባዶውን ለሳምንታት ማመላለስን እንደ ጥንቃቄ ያዩታል። ናፍጣ ሞተር ግን ከቤንዚኑ ይበልጥ ጫና ይፈልጋል፤ ያለ ጭነት ሲነዳ ሙቀቱ ዝቅ ይላል፣ ነዳጁ በደንብ አይነድም፣ ካሚሻውም ቶሎ ይሸፈናል። ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ የሙሉ ጭነቱን ግማሽ ያህል ጭነው እስከ 1,000 ይሂዱ። ዳገት ላይ ሙቀቱን እያዩ ማርሽ ይቀንሱ። ቱርቦ ካለው፣ ዳገት ወጥተው ከማጥፋትዎ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ያቆዩት፤ ቱርቦው በጋለበት ዘይት እንዳይቋረጥበት ነው። ሚኒሞ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

ባጃጅ ትንሽ ሞተር ስለሆነ ከመጠን በላይ መጫን ቶሎ ይጎዳዋል። በሮዳጅ ጊዜ ከሚፈቀደው በላይ ተሳፋሪ አይጫን፤ የማኑዋሉ የማርሽ ፍጥነት ወሰን ይጠበቅ፤ ተራ ሲጠብቁ ደግሞ ይጥፋ።

ምን ሲታይ መጨነቅ ይገባል

ከቁልቁለት በኋላ ነዳጅ ሲሰጡ ለአፍታ ሰማያዊ ጭስ ከማርሚታው ቢወጣ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ይታገሡት፤ እየቀነሰ መሄዱን ብቻ ይከታተሉ። ከ2,000 በኋላም በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 1 ሊትር የሚበላ ከሆነ ፋሻው አልገጠመም። ሙቀት ግን ትዕግሥት አይሰጠውም። አዲስ የተላገ ሞተር በመፋተጉ ምክንያት ከወትሮው ትንሽ ይሞቃል። አዳማ ላይ ደግሞ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ የሚችለው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ላስቲክ የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት ይቀይሩት። መርፌው ከመሀል ካለፈ ዳር ይዘው ያቁሙ፤ ክዳኑን ትኩስ ሆኖ አይክፈቱ።

በ1,500 ኪሎ ሜትር የኮምፕሬሽን ልኬት ማስደረግ ጥሩ ነው። ሞተሩ ሙቅ ሆኖ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጅ ፔዳሉ እስከ ጥግ ተረግጦ ይለካል። እዚህ ላይ ሰው በከንቱ ይደነግጣል፤ መጽሐፉ 12.5 ባር ካለ አዳማ ላይ የሚነበበው ጤነኛ ቁጥር 10 ባር ከትንሽ ነው፤ መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ባሕር ጠረፍ አየር ነውና። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ10 በመቶ በላይ ዝቅ ያለ ካለ በዚያ ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው ጋ ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቮላው ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይታይ።